በ50 ዲግሪ ተፈትኖ በ20 ዲግሪ የተቀጠረ፦ የአንድ አዲስ የአየር ላይ ፎቶግራፍ አብራሪ የመጀመሪያ ሦስት ወራት

መነሻ

የበረራ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ተማሪዎች መካከል ሐበሻ አይጠፋም። አብዛኞቹ የሚያዩት የመንገዱን መጨረሻ ነው፤ ትልቁን ጄት፣ ትከሻ ላይ የሚደረደሩትን አራት መስመሮች። መካከሉን የሚያየው ጥቂት ነው። በአሜሪካ ደንብ አንድ ሰው በ250 የበረራ ሰዓት የንግድ አብራሪ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። የመንገደኛ አየር መንገድ ለመግባት ግን አብዛኛው ሰው 1,500 ሰዓት ይጠየቃል፤ ይህ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ከደረሰው የመንገደኛ አውሮፕላን አደጋ በኋላ ወጥቶ ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። በመካከል የሚቀረውን 1,250 ሰዓት ሁሉም እንደ ዕድሉ ይሞላዋል። አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ የነዳጅ ቧንቧ እየተከተለ ይቃኛል፣ አንዱ የማስታወቂያ ጨርቅ ይጎትታል፣ ሌላው ካሜራ ጭኖ መሬት ያነሳል።

ይህ የጉዳይ ጥናት የመጨረሻውን ስለመረጠ አንድ ሰው ነው። በረራ የጀመረው እኔ ጋ ነበር። ከተቀጠረ በኋላም ለሦስት ወር ያህል በየምሽቱ ይደውልልኝ ስለነበር የሆነውን ሁሉ ከጅምሩ አውቃለሁ። እንድጽፈው ፈቅዷል። እሱንም፣ ድርጅቱንም፣ አብረውት የበረሩትንም በስም አልጠራም።

ሰውየውና ሥራው

ተወልዶ ያደገው ደብረ ታቦር አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። አሜሪካ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ ጠዋት እየበረረ፣ በአራት ዓመት ፈቃዱን ጨረሰ። ሲቀጠር 31 ዓመቱ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ 312 ሰዓት ሰፍሯል።

ቀጣሪው ለካርታ የሚሆን ምስል የሚያነሳ ትንሽ ድርጅት ነው። አውሮፕላኑ ባለ አንድ ሞተር ሴስና 206 ሲሆን ሆዱ ተበስቶ ካሜራ ተተክሎበታል። የሚሳፈሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አብራሪውና የካሜራ ባለሙያዋ። የድርጅቱ ዋና አብራሪ በመጀመሪያው ቀን የነገረው ነገር፣ ካሜራው ከአውሮፕላኑ እንደሚወደድና እሱ የተቀጠረው ካሜራውን ተሸክሞ እንዲዞር መሆኑን ነው። ስድብ መስሎት ነበር። እውነቱን ነው የነገረው።

አባቱ ሥራ ማግኘቱን ሲሰማ በስልክ የጠየቀው «ፎቶ አንሺ ሆንክ ማለት ነው?» ብሎ ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሊሰጡ የመጡ ባለሙያዎች ከላይ የተነሳ ምስል ዘርግተው ማሳውን በጣቱ እንዲያሳይ ያደረጉትን ቀን ሲያስታውሰው ግን ወዲያው ገባው። «ያቺን ዓይነት ናት? ታዲያ ዛፏን ሳይቀር ታሳያለች» አለ።

አሠራሩንም ለገበሬ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። አንድ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአሜሪካ አስተዳደር) በትይዩ መስመሮች ይከፈላል፤ አብራሪው ትልም በትልም እየተመላለሰ ያርሰዋል። በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው የሚነሱት ፎቶዎች 60 በመቶ ያህል፣ ጎን ለጎን ያሉት መስመሮች ደግሞ 30 በመቶ ያህል ይደራረባሉ። ትልሙ ከጠመመ ያልታረሰ ቦታ ይቀራል፤ ያ ቁራጭ ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ከአድማስ ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ማለት አለባት፣ አለዚያ ጥላ ይረዝማል። ደመና ብቻ ሳይሆን የደመና ጥላም ምስሉን ያስጥላል። የእሱ ሥራ ደግሞ የፀደይ ሥራ ነበር። በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ ዛፎቹ ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት፣ መሬቱ ራቁቱን በሚታይባቸው ጥቂት ሳምንታት በኦሃዮ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ካውንቲዎችን መጨረስ ነበረባቸው።

ምን ተበላሸ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 46 መስመሮች በረሩ። ከእነዚህ 17ቱ ከቢሮ «ይደገም» ተብለው ተመለሱ። ምስሉን የሚመረምሩት ሰዎች ዝርዝሩን የሚልኩት ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ስህተቱን ሳያውቅ ሌላ ስህተት እየጨመረበት ነበር።

አንደኛው ምክንያት መታጠፊያው ነው። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ ሲፈተን 50 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ ከፍታውን ሳይለቅ ሙሉ ክብ መዞር ነበረበት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሳምሮ ይሠራዋል። የካሜራው ሥርዓት ግን ቦታውን በትክክል የሚያውቀው ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ነው። አውሮፕላኑ በጣም ሲያዘነብል አንቴናው ወደ ጎን ይመለከትና ሳተላይቶች ይጠፉበታል። ስለዚህ ከ20 ዲግሪ በላይ እንዳያዘነብል ተነግሮታል። ተነግሮት እያለ ለምን አዘነበለ? ሒሳብ ሠርቶ ነው። በ130 ኖት (በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል) ፍጥነት 20 ዲግሪ አዘንብሎ ፊትን ወደ ኋላ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ50 ዲግሪ 18 ሰከንድ ይበቃል። በየመታጠፊያው 25 ሰከንድ ያህል ነዳጅ ለድርጅቱ ያተረፈ መስሎት ነበር። 50 ድረስ ባይሄድም 30ና 35 ያዘነብል እንደነበር የካሜራው መዝገብ ያሳያል።

ሁለተኛው መስመሩን ማሳደዱ ነው። ከፊቱ ያለው ትንሽ ስክሪን ከመስመሩ ስንት ሜትር እንደወጣ ያሳየዋል። ሦስት ሜትር ወደ ቀኝ ሲል ወደ ግራ ይጥለዋል፣ አልፎ ሲሄድ መልሶ ወደ ቀኝ። መንገዱ የእባብ መንገድ ሆነ። ካሜራው የተቀመጠበት መደገፊያ ትንሽ መወዛወዝን ያርማል፣ ይህን ያህሉን ግን አይችልም።

ሦስተኛው ሬዲዮ ነው። ከመስመሮቹ አንዳንዶቹ ወደ አንድ ትልቅ አየር ማረፊያ የሚገቡ አውሮፕላኖችን መንገድ ያቋርጣሉ። ተቆጣጣሪው በጥድፊያ የሚሰጠውን መመሪያ ሳይሰማ ሲቀር «ሮጀር» (ተቀብያለሁ) ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ ወደ ካሜራ ባለሙያዋ ዞሮ «ምን አለ?» ይላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን ለሬዲዮ የተሠራ አይደለም። አንድ ቀን የተሰጠውን አቅጣጫ አሳስቶ ደገመ፤ ተቆጣጣሪው ሰምቶ ስላረመው ነገሩ በዚያው አለፈ።

እነዚህ ሦስቱ በልምምድ የሚስተካከሉ ናቸው። ያስደነገጠኝ አራተኛው ነው።

የመጋቢት መጨረሻዋ ቀን

የዚያን ቀን የሚበሩት በ12,400 ጫማ ነበር፤ 3,780 ሜትር መሆኑ ነው። በደንቡ አብራሪ ከ12,500 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ኦክስጅን መውሰድ ግዴታው ነው፤ ከ14,000 ጫማ በላይ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ያለ ኦክስጅን መቆየት አይችልም። በ12,400 ግዴታ የለም። የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር ቀን ከ10,000 ጫማ፣ ማታ ከ5,000 ጫማ ጀምሮ እንዲወሰድ ይመክራል፤ የድርጅቱም መመሪያ እንዲሁ። ምክር ግን ምክር ነው።

የካሜራ ባለሙያዋ 25 ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሥራ ሦስተኛ ወቅቷ ነበር። 10,000 ላይ ሲደርሱ የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ለእሱም አቀበለችው። እሱ ሳቀ። «አገሬ ጉና ተራራ ሥር ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሰው በግ ይጠብቃል» አላት። እውነት ነው፤ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ታቦርም 2,700 ሜትር ላይ ናት። የዘነጋው ነገር ቢኖር ዘጠኝ ዓመት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ መኖሩን ነው። ሰውነት ከፍታን በሳምንታት ይለምዳል፤ በሳምንታትም ይረሳል።

ሌላም ነገር ነበር፣ ለማንም ያልነገረው። ዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምስ ነው የሚበረው።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ከበረሩ በኋላ አንድ መስመር ጨርሶ ታጠፈና ቀድሞ የበረረውን መስመር እንደገና ያዘ። ባለሙያዋ ዝም ብላ ትንሽ ጠበቀችው። ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ ጠራው፤ አልመለሰም። «ደህና ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ» አለ። «ስንት ነዳጅ ቀርቶናል?» አለችው። መለኪያውን አይቶ ቁጥር ተናገረ፤ የተናገረው ቁጥር መለኪያው ላይ የለም። እጇን ዘርግታ ጣቱን ያዘችና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምታሳየውን ትንሿን መለኪያ ሰካችበት። መለኪያዋ 82 በመቶ አሳየች። የጤነኛ ሰው መሬት ላይ ከ95 በላይ ነው። ምንም ሳትናገር ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረገችለትና ቫልቩን ከፈተች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 94።

«ጋሼ፣ ቀለም ተመለሰ» አለኝ በዚያ ምሽት ሲደውል። «ሜዳው ሁሉ ግራጫ ሆኖብኝ ነበር። ግራጫ መሆኑን ያወቅሁት አረንጓዴው ሲመለስ ነው።»

ከዚያ መስመሩን ትተው ወረዱ። መውረዱን የወሰነችው እሷ ነች። እሱ እንጨርሰው ብሎ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በዚያው ሳምንት ለዋና አብራሪው ራሱ ደወለለት። ይህን ያደረገው ሁለት ቀን ከተሟገትን በኋላ ነው። «ሥራዬን አጣለሁ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ልጅቷ ቀድማ ከተናገረች ያኔ ነው የምታጣው እላለሁ። በኋላ እንደሰማነው ልጅቷ አልተናገረችም ነበር፤ ራሱ እንዲናገር እየጠበቀችው ነበር።

ዋና አብራሪው ሁለት ቀን አብሮት በረረ። መጀመሪያ ያደረገው ስክሪኑን በወረቀት መሸፈን ነው። «አድማሱ ላይ አንድ የውኃ ማማ ምረጥ፤ ወደዚያ ብረር» አለው። አውሮፕላኑን አስተካክሎ እጁን አላልቶ ሲይዘው መስመሩን ራሱ መጠበቅ ጀመረ። ወረቀቱ ተነስቶ ሲታይ ያመለጠው ሁለት ሜትር ነበር። በመታጠፊያው ላይም አንድ ነገር አሳየው፤ መዝገቡን ገልጦ፣ የተደገሙት 17 መስመሮች የፈጁትን ነዳጅ በ25 ሰከንዱ ካተረፈው ጋር አስተያየለት። ሌላ ክርክር አላስፈለገም።

ለኦክስጅኑ አንድ ቀላል ደንብ ከካሜራ ባለሙያዋ ጋር ተስማሙ። ከ10,000 ጫማ ጀምሮ ሁለቱም ይወስዳሉ፤ በየ30 ደቂቃው ጣታቸውን ለክተው ቁጥሩን በሥራ መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። ከ90 በታች ከሆነ ቱቦው ይፈተሻል፤ ካልተሻሻለ ይወርዳሉ። «ደህና ነህ?» የሚባል ጥያቄ ቀረ።

የጾሙን ጉዳይ ለንስሐ አባቱ በስልክ ነገራቸው። በሚበርበት ቀን በጠዋት እንዲበላና ውኃ እንዲጠጣ፣ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ እንደሚበቃው ነገሩት። እኔ ይህን ልነግረው አልችልም ነበር፤ እኔን አይሰማኝም። ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፕላኑ የሚገባው ቆሎና የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይዞ ነው።

ሬዲዮው ላይ ሁለት ነገር አደረገ። በዋዜማው የመስመሮቹን ካርታ ለአካባቢው የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ይልክና ደውሎ በየትኛው ሰዓት ቢመጣ እንደሚቀላቸው ይጠይቃል። ማታ ማታ ደግሞ የዚያኑ አካባቢ ተቆጣጣሪዎች ንግግር በኢንተርኔት ያዳምጣል፤ የቦታዎቹን ስም ሳይበር ይለምዳቸዋል። ያልሰማውን «እንደገና ይበሉ» ለማለት ግን ከሁሉም ይበልጥ የረዳው፣ በዋዜማው በስልክ ያነጋገረው ሰው መሆኑን ማወቁ ነው። ሰውየው አሁን በሬዲዮ ውስጥ ያለ ባዕድ ድምፅ ብቻ አይደለም።

የሠራውና ያልሠራው

በሚያዝያ ከበረራቸው 88 መስመሮች 6 ተመለሱ፤ በግንቦት ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ። አብዛኞቹም የደመና ጥላ ናቸው፤ የእሱ እጅ የለበትም። ሦስት ወሩ ሲያልቅ የበረረው 38፣ 71 እና 83፣ በድምሩ 192 ሰዓት ነው።

ያልሠራውም አለ። በኮምፒውተር ላይ በሚጫወቱት የበረራ ማስመሰያ መስመር መያዝ ሊለማመድ ሞክሮ ነበር፤ ለእጅ ምንም አልጨመረለትም፤ የነፋስ ግፊያ በወንበር በኩል ነው የሚሰማው።

የእንቅልፍ ሥርዓት ለማበጀት ያደረገው ጥረትም ከሸፈ። በዚህ ሥራ ላይ የመንገደኛ አየር መንገዶች የሥራ ሰዓት ገደብ አይሠራም። ሰማይ እስከጠራ ድረስ ይበራሉ፤ ሆቴል ይቀየራል፤ በማግስቱ በሌሊት መነሳት አለ። ዋና አብራሪው በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይበር ገደብ አበጀለት፤ ከፊል መፍትሔ ነው።

ገንዘቡም እንዳሰበው አልሆነም። ደመወዙ መነሻ አለው፤ የቀረው ግን በበረራ ሰዓት የሚታሰብ ነው። በመጀመሪያው ወር ብዙውን ቀን የሆቴል መስኮት ላይ ሆኖ ደመና ሲያይ ነው የዋለው። የዚያን ወር የቤት ኪራይ ከፍሎ ዕቁቡን መጣል አቃተው። ዳኛው አንድ ወር ታገሱት። በሚያዝያ ደግሞ ትንበያው ሦስት ቀን ደመና ስላለ ለዘመድ ክርስትና ዘጠኝ ሰዓት ነድቶ ሜሪላንድ መጣ፤ በማግስቱ ሰማዩ ኩል መስሎ ጠራ። አውሮፕላኑ ቆሞ ዋለ። ይህን ድርጅቱ በጥሩ ዓይን አላየውም፤ ትክክልም ናቸው።

ለሌላ ሰው የሚተርፈው

በእኔ እይታ የዚህ ጉዳይ እምብርት መታጠፊያውም ኦክስጅኑም አይደለም፤ «ደህና ነኝ» የምትለዋ ቃል ናት። እኛ ስንጠየቅ ሳናስብ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ሰላምታ ነው፤ መልስ አይደለም። አብራሪ ክፍል ውስጥ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ሰላምታ አልነበረም። ኦክስጅን ያነሰው አንጎል ደግሞ ስለራሱ ሲጠየቅ የሚመሰክረው ብዙ ጊዜ በጎ ነው። ስለዚህ ይሉኝታ ያለበትን ሰው «ደከመህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ቁጥር ጠይቁት፤ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ መቼ በላህ፣ ጣትህ ላይ ስንት ይላል። ከዚህ ጉዳይ በኋላ እኔም ተማሪዎቼን ከበረራ በፊት የምጠይቃቸው እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ ለፈተና የተማሩትና የሚቀጠሩበት ሥራ አንድ ላይሆን ይችላል። በዚህ የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው። አራት ዓመት ሳስተምረው ሰፊና ለስላሳ መታጠፊያ የሚፈልግ ሥራ መኖሩን አንድ ቀን አልነገርኩትም። አዲስ ሠራተኛም ከመጀመሪያው ሳምንት ሥራው የሚመዘነው በምን እንደሆነ፣ የተበላሸውን የሚያየው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚነገረው መጠየቅ አለበት። ያ ዝርዝር በየቀኑ ቢደርሰው ኖሮ 17 መስመር አይበላሽም ነበር። አሁን ድርጅቱ በመጀመሪያው ወር የአዲስ አብራሪን ምስሎች በማግስቱ ያያል፤ ይህን የጠየቀው እሱ ነው።

ሦስተኛው ለሚያስቡበት ሰዎች ነው። ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ሳይዙ አትግቡበት። ዕቁብ ካላችሁም ዕጣውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

አሁን

አሁን ያለው ካንሳስ ነው። በጋው የእርሻ ምስል የሚነሳበት ጊዜ ነው፤ ሰብሉ በቆመበት፣ ዛፉ ቅጠል በለበሰበት። ያቺው የካሜራ ባለሙያ አብራው ናት። በመዝገቡ ላይ ከ600 ሰዓት በላይ ሆኗል። አባቱ ምስል ላክልኝ ብሎት ነበር፤ ምስሉ የደንበኛው ስለሆነ መላክ አይችልም፤ በስልኩ በመስኮት ያነሳውን የበቆሎ ማሳ ላከለት። አባቱ የመለሰው በስንት ጥማድ እንደሚታረስ ጠይቆ ነው።

ትናንት ሲደውልልኝ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ሦስተኛ ቀን ደመና ነው። ከተሰጠው ቦታ ሁለት መስመር ቀርቶታል፤ ከሰዓት በኋላ ይከፈት እንደሆነ በየግማሽ ሰዓቱ እየወጣ ሰማዩን ያያል።